ፒክአፕ የሚገዛው ለአዳራሹ ነው

አኩስቲክ ጊታር በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲመታ የሚሰማው ድምፅና ያው ጊታር በአዳራሽ ስፒከር ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። በቤተክርስቲያን የዝማሬ መድረክ፣ በሆቴል ሎቢ፣ በሠርግ አዳራሽ ጃኩ ገና ሲሰካ የእንጨቱ ሙላት ይጠፋና ስስ፣ ደረቅ፣ ጥፍር ፕላስቲክ ላይ የሚመታ የሚመስል ነገር ይወጣል። ጥፋቱ መጀመሪያ በተጫዋቹ፣ ቀጥሎ በጊታሩ፣ በመጨረሻም በፒክአፑ ላይ ይላከካል። መፍትሔ ተብሎ የሚያዘውም መንገድ የታወቀ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመንና ስሙ የገነነ፣ ዋጋው የከበደ ፒክአፕ በሻንጣ ይመጣል። ተገጥሞ ሲሰማ ግን ለውጡ የወጣበትን ገንዘብ ያህል አይሆንም። ይህ የአገዛዝ ቅደም ተከተል ከሥሩ የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጊታሩ የሚሰማበት ቦታ ምን ያህል ይጮሃል የሚለው ነው። ቀጥሎ በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል ምን ዕቃ አለ ይባላል። የፒክአፑ ስም የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፒክአፕ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ ዓይነቶቹን የሚለያቸው የትኛውን ንዝረት እንደሚያዳምጡ ነው። በጊታሩ ቀዳዳ ላይ የሚታሰረው ማግኔታዊ ፒክአፕ የብረት ክር በፊቱ ሲወዛወዝ ያያል እንጂ ሳጥኑ የሚለውን እምብዛም አይሰማም። ለዚህም ነው ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚያዘነብለው፤ ለዚህም ነው ስፒከር አጠገብ ሲቆም ቶሎ የማይጮኸው። ከክሮቹ መቀመጫ፣ ማለትም ከሳድሉ፣ ሥር የሚገባው ቀጭን ፒየዞ ደግሞ ክሩ ሳድሉን ሲጫነው የሚፈጠረውን ግፊት ነው የሚለካው። ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ፒየዞ የሚሠራው በዚያው ባሕርይ ነው። ግፊቱ ጣት ክሩን በለቀቀበት ቅጽበት በኃይል ይመጣል፤ ሳጥኑ ያንን ምት ለስልሶና ሞልቶ ለጆሮ እስኪያደርሰው ግን ፒየዞው አይጠብቅም። ብዙዎች የሚጠሉት ሹል የፒየዞ ድምፅ መነሻው እዚህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከብሪጁ በታች፣ በሳጥኑ ውስጥ ከእንጨቱ ጋር የሚጣበቁ ትንንሽ ክብ ፒየዞዎች ናቸው። እነዚህ የፊት እንጨቱን እንቅስቃሴ ስለሚከተሉ ይበልጥ የእንጨት ጠረን አላቸው፤ በዚያው ልክ ግን ከስፒከር የሚመጣውን ድምፅም ይሰማሉ። ከነዚህ ሌላ በሳጥኑ ውስጥ ወይም ከፊቱ የሚቆም ማይክሮፎን አለ፤ እሱ ሁሉንም ይሰማል፣ ጎረቤት ያለውን ከበሮ ጭምር። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ፒክአፑ ለጊታሩ እውነተኛ ድምፅ በቀረበ ቁጥር መድረኩ ላይ ለመጮህም ይቀርባል። ከሁለቱ አንዱን ሳይሰጡ ሌላውን ማግኘት የሚቻልበት ዕቃ እስካሁን ገበያ ላይ የለም፤ አለ የሚል ማስታወቂያ ግን ሞልቷል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው፣ ስለ ፒክአፕ በሚደረግ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ነው። ፒየዞ በባሕርይው ካፓሲተር ነው። የሚያመነጨው ቮልቴጅ ትንሽ ባይሆንም ከኋላው የሚደግፈው ጉልበት የለውም። የሚቀበለው መሣሪያ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለሲግናሉ የሚያሳየው በኦም የሚለካ ተቃውሞ፣ ዝቅተኛ ከሆነ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ አወዳደቁም እኩል አይደለም፣ ባሱ ቀድሞ ይሄዳል። በቁጥር እንየው። ከሳድል ሥር ለገባ፣ ባትሪ ለሌለው ፒየዞ 1 ናኖፋራድ ካፓሲታንስ እንያዝለት። ይህን ጊታር 10 ሺህ ኦም ባለው የሚክሰር ላይን መግቢያ ላይ በቀጥታ ብንሰካው ከ16 ሺህ ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ በሙሉ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየመነመነ ይሄዳል። ቀጭኗ የጊታር ክር ባዶዋን ስትመታ 330 ኸርዝ ናት፤ ወፍራሟ 82። ስለዚህ ከቀጭኗ ክር መሠረታዊ ድምፅ ሚክሰሩ ጋ የሚደርሰው 48ኛው እጅ ብቻ ነው፤ ከወፍራሟ ደግሞ 200ኛው እጅ ገደማ። የድምፅ ባለሙያው ሲግናሉ ደከመ ብሎ ጌይኑን ይከፍታል። የሚከፈተው ግን ከሙሉ ድምፁ የተረፈው ነው፤ የጥፍር ጭረት፣ የክር ፉጨት፣ የምቱ ጫፍ። ከዚያ ኢኳላይዘር ላይ ባስ ይጨመራል፤ ያልመጣን ድምፅ መጨመር ስለማይቻል የሚጨመረው የመስመሩ ጉርምርምታ ይሆናል።

«ዲአይ ቦክስ አለን» የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ ጊታርን ከሚክሰር የሚያገናኘው ይህ ሳጥን በብዙ መድረክ ላይ አለ፤ ግን የትኛው? ባትሪም ሆነ ሌላ ኃይል የማይፈልገው ፓሲቭ ዲአይ ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ኦም ነው። 150 ሺህ ብንይዝ መመንመኑ የሚጀምረው ከ1 ሺህ ኸርዝ ግድም ወደ ታች ነው፤ የጊታሩ አካል ያለው ደግሞ በሙሉ እዚያው ነው። ይህ ሳጥን ለኪቦርድ ፍጹም ተስማሚ ነው፣ ለባዶ ፒየዞ ግን ወንፊት ነው። 1 ሜጋ ኦም ያለው አክቲቭ ዲአይ ወሰኑን ወደ 160 ኸርዝ ያወርደዋል፤ ያኔም ቢሆን ወፍራሟ ክር ከመሠረታዊ ድምፅዋ ከግማሽ በላይ ታጣለች። 10 ሜጋ ኦም ያለው ፕሪአምፕ (ሲግናሉን አስቀድሞ የሚያጎላው ሳጥን) ግን ወሰኑን 16 ኸርዝ ላይ ያሳርፈዋል፤ ያ ከጊታር ድምፅ ሁሉ በታች ነው። ለፒየዞ ተብለው የሚሠሩ ፕሪአምፖች፣ ለምሳሌ የኤል አር ባግስ ፓራ አኩስቲክ ዲአይ፣ 10 ሜጋ ኦም የሆኑት ለዚህ ነው። ፒክአፑ ሳይነካ፣ ጊታሩ ሳይቀየር፣ መካከል ላይ ያለችው አንዲት ሳጥን ብቻ ተለውጣ ድምፁ ሌላ ጊታር ሊመስል ይችላል። ውድ ፒክአፕ ገዝቶ በፓሲቭ ሳጥን የሚያሳልፍ ሰው የከፈለበትን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ሦስትና አራት ክብ ፒየዞዎች በአንድነት የተያያዙበት ፒክአፕ ካፓሲታንሱ ከፍ ስለሚል 1 ሜጋ ኦም ሊበቃው ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ከመግዛት በፊት የሁለቱን ዕቃ ወረቀት አንብቦ ቁጥሮቹን ማስተያየት ይበቃል።

ወደ መድረኩ እንመለስ። የጊታር ፋብሪካዎች ታሪክ ራሱ የሚናገረው መድረኩ ከጊታሩ በፊት እንደሚመጣ ነው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ጄ-160ኢ የተባለውን ባለ ፒክአፕ አኩስቲክ ጊታር ሲያወጣ የፊት እንጨቱን ሆን ብሎ ከተደራረበ ስስ እንጨት ሠራው፤ ቶሎ እንዳይርገበገብና እንዳይጮህ። በዚህም ያለ ስፒከር ሲመታ ድምፁ ደብዛዛ ሆነ። ፋብሪካው የሳሎኑን ድምፅ ለመድረኩ ሸጠ ማለት ነው። ይህንኑ ጊታር ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን በ1962 ገዙት፤ በ1964ቱ የቢትልስ ዘፈን «አይ ፊል ፋይን» መግቢያ ላይ የሚሰማው የፊድባክ ጩኸትም ከሌነን ጄ-160ኢ የመጣ ነው። ለጩኸት እንዳይመች ተብሎ የተሠራው እንኳ አምፕሊፋየር ሲጠጋው ጮኸ። ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ይገርማል። «አንፕላግድ» በሚል ስም በሚታወቀው የኤምቲቪ ዝግጅት ላይ የሮክ ባንዱ ኒርቫና እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 ኒውዮርክ ውስጥ ሲጫወት ኩርት ኮቤይን የያዘው እ.ኤ.አ. የ1959 ማርቲን ዲ-18ኢ ነበር፤ በቀዳዳው ላይ ማግኔታዊ ፒክአፕ ታስሮበት በኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር በኩል ያልፍ ነበር፤ አምፕሊፋየሩም ሞኒተር በሚመስል ሳጥን ተከልሎ። ጊታሩ በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ «ያልተሰካው ጊታር» ተብሎ ተወራለት። በዓለም ላይ ስመ ጥር ከሆኑት የአኩስቲክ ምሽቶች አንዱ የተሠራው ለጊታሩ «ታማኝ» ባልሆነ ፒክአፕ ነው፤ ማንም ተጭበረበርኩ ብሎ ገንዘቡን መልሱልኝ አላለም። ድምፁ ለዚያ ሰውና ለዚያ መድረክ ልክ ነበርና።

ስለዚህ ምርጫውን የጩኸቱ መጠን ይምራው። አንድ ጊታርና አንድ ድምፃዊ፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ባለበት ትንሽ ክፍል ከሆነ ጥሩ ማይክሮፎን ወይም ከብሪጁ ሥር የሚጣበቅ ፒየዞ ያስደስታል። ኪቦርድና ቀላል ከበሮ ሲጨመር ከሳድል ሥር ያለው ፒየዞ ከመልካም ፕሪአምፕ ጋር አመዛዛኙ ምርጫ ነው። ሙሉ ድራም፣ ቤዝ ጊታርና ከእግር ሥር የሚጮሁ ሞኒተሮች ባሉበት ግን ማግኔታዊውን ይዞ፣ ቀዳዳውን በጎማ ክዳን ደፍኖ መግባት ብልህነት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ ትልቅ ጊታር የሳጥን አየር ራሱ በ100 ኸርዝ አካባቢ ይርገበገባል፤ ይህ በወፍራሟ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ከሚገኘው 98 ኸርዝ ጂ ጋር ጎረቤት ነው። ሞኒተሩ ያንን ኖታ በኃይል ሲመልሰው ሳጥኑ ይቀበለዋል፣ ፒክአፑ ይልከዋል፣ ሞኒተሩ እንደገና ይመልሰዋል፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ አዳራሹ ጆሮውን ይይዛል። ብዙ ፕሪአምፖች ላይ ያሉት ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) የሚገለብጠው ማብሪያና አንድን ጠባብ ድምፅ ለይቶ የሚቆርጠው ኖች ፊልተር የተሠሩት ለዚህ ነው፤ ባሱን በሙሉ ከመግደል ያንን አንድ ኖታ ብቻ መቀነስ ይቻላል። ማግኔታዊውም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ ጋ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የመድረክ ዲመርና የተበላሸ መሬት መስመር ባለበት አዳራሽ ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ያጉረመርማል፤ ጉርምርምታውን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅሉ ትንሽ ውድ ቢሆንም እሱን መግዛት ይሻላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከሙዚቃ ጆሮ የሚመጣ ነው፤ እውነተኛው ድምፅ በማይክሮፎን ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ማስመሰል ነው የሚል። ስለ ድምፁ እውነት ነው። በስቱዲዮ ውስጥ ማንም ብልህ ሰው አኩስቲክ ጊታርን በፒየዞ ብቻ አይቀርጽም። በመድረክ ላይ ግን ማይክሮፎኑ ከጊታሩ የራቀው ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የጊታሩ ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ከጀርባ ያለው ድራም ግን ባለበት ነው። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ሰውነቱን ዘወር ሲያደርግ ባለሙያው ይከፍታል፣ ሲመለስ ይጮሃል። እውነተኛው ድምፅ ካልተሰማ እውነትነቱ ለማን ነው? ማይክሮፎን ቦታው ዝምታ ባለበት ነው። በገና ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት፤ የድምፅዋ ነፍስ ያለው በእንዚራው፣ ማለትም ከክሩ ሥር ባለው የቆዳ ቁራጭ፣ ንዝረት ውስጥ ስለሆነ፣ በርኩማው (የክሮቹ መቀመጫ) ላይ የተለጠፈ ፒየዞ ያንን ንዝረት አሹሎ ከመጠን በላይ ያጎላዋል። የሁዳዴ በገና የሚደመጠው ደግሞ ከድራም ጋር ተፎካክሮ አይደለምና ማይክሮፎን ለእሷ አያንሳትም።

ክራር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ክራር ከሙሉ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ትወጣለች። ፊቷ ቆዳ ነው። ቆዳ ከእንጨት ይልቅ በአየር ለሚመጣ ድምፅ ይርገበገባልና ፊድባክ የሚይዛት ከጊታር ቀድሞ ነው። ክሯ ናይለን ከሆነ ማግኔታዊ ፒክአፕ ዱዳ ነው፣ የሚያየው ብረት የለምና። ክብ ፒየዞ ቆዳው መሐል ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ክብደቱ ራሱ ቆዳውን ያፍነዋል፤ ድምፁ ያለ ስፒከር ሲሰማ እንኳ ይለወጣል። ጠርዝ ወይም በርኩማው ሥር ፈልጎ፣ ትንሿን ፒየዞ በስስ ሙጫ፣ በየቦታው ሞክሮ ማስቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቆዳው ውጥረት በእርጥበትና በሙቀት ስለሚለዋወጥ ትናንት የተገኘው ቦታ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የብረት ክር የታሰረባት የኤሌክትሪክ ክራር የመጣችው ከዚህ ችግር ነው፤ በለንደኑ ክራር ኮሌክቲቭ ባንድ መድረክ ላይ ከከበሮ ጋር እኩል ስትናገር የሰማ ሰው ባህል ተበላሸ ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል። ጊብሰን በ1954 ያደረገውን ነው ክራሯም ያደረገችው፤ ከሳሎን ድምፅዋ ቀንሳ ለመድረኩ ሰጠች። አሳዛኙ ነገር የኤሌክትሪኳን ክራር ለጸጥተኛ የትዝታ ምሽት፣ የቆዳዋን ክራር ለሠርግ አዳራሽ መያዛችን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኪስ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጊታሮች ፒክአፕና ፕሪአምፕ ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው ነው የሚመጡት፤ ጎናቸው ላይ ማስተካከያና የ9 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ታዲያ ለምን ሌላ ሳጥን? ልክ ነው፣ የውስጥ ፕሪአምፕ ካለ የኢምፒዳንሱ ችግር ጊታሩ ውስጥ ተፈትቶ ስለሚወጣ ፓሲቭ ዲአይም ይበቃዋል፤ ለእንዲህ ዓይነት ጊታር ሌላ ፒክአፕ ለማስገባት መጣደፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ባትሪውን ማክበር ነው። የጊታሩ ጃክ ማብሪያም ጭምር ነው፤ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ሌሊቱን ሲበላ ያድራል። የደከመ ባትሪ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ጠንካራው ምት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ድምፁ ይሳሳል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ፒክአፑን ይረግማል። ፒክአፕ ለሌለው ጊታር ግን ገንዘቡ ውስን ከሆነ መካከለኛ ፒክአፕ ከጥሩ ፕሪአምፕ ጋር፣ ከውድ ፒክአፕ ያለ ፕሪአምፕ ይበልጣል። ፕሪአምፑ ነገ ለሌላ ጊታር፣ ለክራርም ይሆናል፤ ለአንዱ ጊታር የተገጠመ ፒክአፕ ግን እዚያው ይቀራል። ጃክ ለማስገባት የጊታሩን ጭራ መብሳት መመለሻ የሌለው ነገር ስለሆነ፣ በቀዳዳው ላይ የሚታሰረውን ማግኔታዊ ወይም ከላይ የሚለጠፈውን ፒየዞ ቀድሞ ሞክሮ ቦታውን ካወቁ በኋላ መወሰን ይሻላል።

ሦስተኛው ከቴክኖሎጂ የሚመጣ ነው። ዛሬ የፒየዞን ድምፅ ተቀብለው በማይክሮፎን የተቀረጸ ጊታር የሚያስመስሉ ዲጂታል ሳጥኖች አሉ፤ ይህ ሁሉ ክርክር አልፎበታል ይባላል። እነዚህ ዕቃዎች ጥሩ ናቸው፤ በመጠኑ ሲቀላቀሉ ሹሉን ድምፅ ያለዝባሉ። ነገር ግን ዲጂታሉ ሳጥን ጋ ከመድረሱ በፊት የጠፋውን ባስ ሳጥኑ ስለማያገኘው ሊያስመስለው አይችልም፤ የሚመልሰው የጊታር ሳጥን ሙላት ደግሞ ያው ወደ 100 ኸርዝ የሚያዘነብለው ነው፤ ፊድባኩን ከማራቅ ይልቅ ያቀርበዋል። ዲጂታሉም ቢሆን ኢምፒዳንስን አይሰርዝም፣ አዳራሹንም ዝም አያሰኝም።

የቀረው ተቃውሞ የሥራ ክፍፍል ነው፤ ተጫዋቹ ይጫወት፣ ድምፁን የድምፅ ባለሙያው ያስተካክል የሚል። ባለሙያው ግን የሚሠራው በደረሰው ነገር ነው፤ 48ኛው እጅ ከደረሰው የሚሠራው በ48ኛው እጅ ነው። ይልቁንም ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው ለአዳራሽ ባለቤቶችና ለቤተክርስቲያን የሙዚቃ ክፍሎች ነው። ስፒከርና ባለብዙ ቻናል ሚክሰር ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ሲወጣ፣ በ48 ቮልት ፋንተም ኃይል የሚሠራ፣ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም፣ ቢቻል 10 ሜጋ ኦም መግቢያ ያለው አንድ ዲአይ ከዝርዝሩ አይታጣ። ከሚክሰሩ ኃይል ስለሚወስድ ባትሪ አይፈልግም፤ በየሳምንቱ የሚመጣውን የሁሉንም ሰው ጊታርና ክራር ያገለግላል። ተጫዋቹ ደግሞ ዘመዱን ከውጭ ከማስቸገሩ በፊት የጊታሩ ፒክአፕ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ከጀርባው ድራም መኖር አለመኖሩን፣ ጃኩ የሚሰካበት ሳጥን ስንት ኦም እንደሆነ ይጠይቅ። እነዚህን ሦስቱን ሳያውቅ የሚገዛ ፒክአፕ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ አልተመረጠም።